ሙቀት ከረቂቅ ፈሳሽነት ወደ ኤነርጂነት

በፊዚክስ ትምህርት ተማሪዎችን ከሚያደናግሩት ጽንሰ ሐሳቦች መካከል ሙቀትና መጠነ ሙቀት፣ ጉልበትና ኤነርጂ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። መምህሩ ትርጓሜያቸውን በሰሌዳ ላይ ለይቶ ቢጽፍም፣ ተማሪው ፈተናውን ካለፈ በኋላ መልሶ ያቀላቅላቸዋል። ይህ የተማሪው ስንፍና ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። እነዚህን ነገሮች ለያይቶ ለማወቅ የአውሮፓ ሊቃውንት ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋልና። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1760ዎቹ መጀመሪያ በግላስጎው ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ፣ በረዶ በሚቀልጥበት ጊዜ ሙቀት ያለማቋረጥ ቢቀበልም ቴርሞሜትሩ ከቦታው እንደማይነቃነቅ አስተዋለ። ከዚህም ተነሥቶ የሙቀት ብዛት ሌላ፣ ቴርሞሜትር የሚያመለክተው መጠነ ሙቀት ሌላ መሆኑን አስረዳ። ነገሩ በማድቤትም የሚታይ ነው፤ ድስቱ ከፈላ በኋላ ማገዶ ቢጨመርበት ውሃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ ከመፍያው ልክ በላይ አይሞቅም። ይህም ልክ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

ሙቀት ብዛቱ የሚለካ ከሆነ ራሱን የቻለ ቁስ መሆን አለበት የሚለው አስተሳሰብ በዘመኑ ሰፍኖ ነበር። ላቮአዚዬ በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ካሎሪክን ከንጥረ ነገሮች ተራ አስገባው። ካሎሪክ ክብደት የሌለው፣ የማይፈጠርና የማይጠፋ፣ ከሞቃቱ አካል ወደ ቀዝቃዛው የሚፈስ ረቂቅ ፈሳሽ ነው ተባለ። ሐሳቡ በኋላ ቢሻርም ፍሬ ቢስ አልነበረም። ሳዲ ካርኖ በ1824 የእንፋሎት ሞተር ሥራ የሚሰጠው ሙቀት ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ስፍራ ሲወርድ መሆኑን ያሳየው፣ ካሎሪክን ከከፍታ እንደሚወርድ ውሃ በመቁጠር ነበር።

በካሎሪክ ላይ ብርቱ ጥያቄ ያስነሣው በ1798 የወጣው የካውንት ራምፈርድ ጽሑፍ ነው። ራምፈርድ በሙኒክ የመድፍ ፋብሪካ፣ በፈረስ ጉልበት በሚዞር የደነዘ መሰርሰሪያ፣ ያለ አንዳች እሳት በሁለት ሰዓት ተኩል ውሃ አፈላ። ሰበቃው እስከቀጠለ ድረስ ሙቀቱ አያልቅም ነበር፤ ያለ ማለቅ የሚመነጭ ነገር ደግሞ ቁስ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ካሎሪክ በዚህ አልወደቀም። ምን ያህል ሥራ ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ የሚያሳምን ቁጥር ገና አልተገኘምና።

ለዚህ ቁጥር መካኒክስ መለኪያውን ማዘጋጀት ነበረበት። ላይብኒትስ በ1686 የእንቅስቃሴ መለኪያ መጠነ ቁስ በፍጥነት ተባዝቶ ሳይሆን በፍጥነት ስኩዌር ተባዝቶ ነው በማለት ከዴካርት ተከታዮች ጋር ረጅም ክርክር ገጠመ። በ1829 ኮርዮሊስ ሥራን ጉልበት በርቀት ተባዝቶ ብሎ ሲተረጉም፣ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ተስተካከለ።

ቁጥሩን ያስገኙት ሁለት ሰዎች የፊዚክስ መምህራን አልነበሩም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ማየር በ1840 በመርከብ ሐኪምነት ወደ ጃቫ ተጉዞ ሳለ፣ የመርከበኞቹ የደም መልስ ደም ከተለመደው የቀላ ሆኖ አገኘው። በሞቃት አገር ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያቃጥለው ምግብ ያንሳል ብሎ አሰበ፤ ከዚያም ሙቀትና ሥራ አንዱ ወደ ሌላው እንደሚለወጥ ደመደመ። በ1842 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድን ውሃ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቀው ሙቀት ያንኑ ክብደት 365 ሜትር ከማንሣት ሥራ ጋር እኩል ነው አለ። ትክክለኛው 427 ሜትር ገደማ ነው።

የእንግሊዛዊ ጠማቂ ልጅ የሆነው ጄምስ ጁል ደግሞ በሙከራ መጣ። በሚወርዱ ክብደቶች አማካይነት በውሃ ውስጥ መቅዘፊያ እያዞረ የውሃውን መሞቅ ለካ። በ1850 ያሳተመው ውጤት፣ ማለትም 772 ፉት ፓውንድ፣ ከዛሬው 778 የሚለየው ከመቶ አንድ እጅ በማይሞላ ነው። ጁል የናያግራ ውሃ ከታች ሲደርስ በአንድ አምስተኛ ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ይሞቃል ብሎ ገምቶ ነበር። በዚሁ ስሌት 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ውሃ፣ ትነት ባይቀንሰው፣ የአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ አሥረኛ ያህል ሊሞቅ ይገባዋል።

ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ክርክር ለማየር መራራ ሆነ። ልጆቹ ሞተውበት፣ ሥራውም ተንቆበት፣ በ1850 ራሱን ከመስኮት ወረወረ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች። በ1862 ጆን ቲንዳል በለንደን ስለ ማየር ቀዳሚነት ተሟገተለት። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያውን በ1870 ለጁል፣ በ1871 ለማየር ሰጠ።

አሁንም አንድ ችግር ቀረ። ካርኖ ሙቀት ሳይጎድል ይወርዳል ሲል፣ ጁል ሙቀት ራሱ ወደ ሥራ ይለወጣል ብሏል። ክላውዚየስ በ1850 ሁለቱን አስታረቀ፤ ከሙቀቱ ከፊሉ ሥራ ይሆናል፣ የቀረው ግን ወደ ቀዝቃዛው ስፍራ መውረዱ ግድ ነው። በ1865ም ኤንትሮፒ የሚለውን ስም አወጣ። የቴርሞዳይናሚክስ አንደኛውና ሁለተኛው ሕግ በዚህ መንገድ ጸኑ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የቋንቋ ድርሻ ቀላል አይደለም። ማየርም ሆነ በ1847 የጻፈው ሄልምሆልትስ ዛሬ ኤነርጂ የሚባለውን የጠሩት ክራፍት በሚለው የጀርመንኛ ቃል ሲሆን፣ ይኸው ቃል ጉልበት ማለትም ነበር። በአማርኛም ኃይል የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ግፊትን፣ ሌላ ጊዜ ኤነርጂን፣ ሌላ ጊዜም የኤሌክትሪክ አቅርቦትን ይገልጻል፤ ሙቀትም ለብዛቱና ለልኩ በአንድነት ይነገራል። ስለዚህ ተማሪው ቃላቱን ሲያቀላቅል የሚደግመው የሳይንስን የቀድሞ ጉዞ ነው። መምህሩ ከትርጓሜው አስቀድሞ የብላክን በረዶ፣ የራምፈርድን መድፍና የጁልን መቅዘፊያ ቢያቀርብለት፣ ቃላቱ የተለዩበት ምክንያት ይገባዋል፤ ምክንያቱ የገባው ተማሪም ትርጓሜውን በቀላሉ አይረሳም።