የዶሮ ምላስ ጥፍር፦ በአእዋፍ ምላስ ሽፋን ውስጥ ስላሉ ሁለት ፕሮቲኖች

በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ ዶሮ አርቢዎችን ስለ አንድ በሽታ ያስጠነቅቃል። በሽታው የምላስን ጫፍ በነጭ ቆዳ ይሸፍናል፤ መድኃኒቱም ቆዳውን በጥፍር ቀስ አድርጎ ልጦ ቦታውን አመድ ማስነካት ነው። ይህ ልማድ በአውሮፓ ገጠሮች ለብዙ ዘመናት ዘልቋል። ችግሩ ጠንከር ያለ ነጣ ያለ ጫፍ በጤነኛዋ ዶሮም አፍ ውስጥ መኖሩ ነው። ብዙ ጊዜ ይላጥ የነበረው በሽታው ሳይሆን የዶሮዋ የራሷ አካል ሳይሆን አልቀረም።

የታረደች ዶሮን ምንቃር ከፍቶ ላየ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ምላሷ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ነው፤ ከኋላው ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ሾጣጣ እሾሆች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረውበታል። የላይኛው ገጽ ለጣት ይለሰልሳል። ጫፉን ገልብጠን ሥሩን በጥፍራችን ስንጭረው ግን ደረቅ ነገር ይነካናል፦ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከሰው ጥፍር ብዙ የማይለይ ሰሌዳ። ሊቃውንቱም «የምላስ ጥፍር» ይሉታል። ቦታው በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። ዶሮ ጥርስ የላትም፤ ምላሷም እንደ እኛ ጡንቻ የሞላው ሳይሆን በመሃሉ አጥንትና ልምአጥንት የተዘረጋበት ነው። ስለዚህ እንደ ማንኪያ ይሠራል፤ ጥሬውን ከታችኛው ምንቃር አንሥቶ ወደ ኋላ ይገፋል። ማንኪያ ደግሞ የሚፋተገው በሥሩ ነው።

ጥፍሩ ከምን ተሠራ ቢሉ «ከከራቲን» ማለት የተለመደ ነው። ቃሉ የመጣው ቀንድ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። በአእዋፍ ዘንድ ግን ይህ አንድ ስም የማይዛመዱ ሁለት ፕሮቲኖችን ደርቦ ይዟል። አልፋ ከራቲን የሚባለው በሰውም በላምም በዶሮም ሽፋን ህዋሶች ውስጥ ያለ ነው፤ አሲዳማና ቤዛዊ የሆኑ ሁለት ዓይነት ሞለኪውሎች እየተጣመሩ 10 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክር ይገምዳሉ። ሁለተኛው ግን የተሳቢ እንስሳትና የአእዋፍ ብቻ ነው። አነስተኛ ፕሮቲን ሲሆን መሃሉ ላይ 34 ያህል አሚኖ አሲዶች እንደ ሽንሽን ቀሚስ ይታጠፋሉ፤ ክሩም 3 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። ላባን፣ የእግር ቅርፊትንና ምንቃርን የሚያጠነክረው ይኸው ነው።

ታዲያ የማይዛመዱትን ማን በአንድ ስም ጠራቸው? በ1930ዎቹ ተመራማሪው ዊልያም አስትበሪ ሱፍን በኤክስሬይ ሲመረምር ያልተለጠጠው ፀጉር አንድ፣ የተለጠጠው ሌላ ንድፍ ሰጠው፤ ፊተኛውን አልፋ፣ ኋለኛውን ቤታ አለ። ላባ የሚሰጠው ንድፍ ለኋለኛው ስለቀረበ «ቤታ ከራቲን» ተባለ። ስሙ የቅርጽ መመሳሰልን እንጂ ዝምድናን አይመሰክርም። ዛሬ የዚህ ፕሮቲን ዘረ-መሎች ሲታዩ ብዙዎቹ በዶሮ ክሮሞዞም 25 ላይ፣ ቆዳን ከሚያደነድኑ ሌሎች ፕሮቲኖች ዘረ-መሎች ጎን ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ከአልፋዎቹ ጋር አይደሉም። ተመራማሪው ሎሬንዞ አሊባርዲ ስሙ እንዲለወጥ ሲሟገት የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ በአማርኛ «ቀንዳማ ቤታ ፕሮቲን» ብንለው አንባቢን አናሳስትም።

ሁለቱ ፕሮቲኖች የተለያዩ ስለ መሆናቸው ምላስ ከላባ የተሻለ ምስክር ነው፤ ለስላሳውና ደረቁ በአንዲት ሦስት ሳንቲ ሜትር በማትሞላ ሥጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋልና። በ1989 ተመራማሪዎቹ ካርቨርና ሶየር ሁለቱን ፕሮቲኖች ለይተው በሚያውቁ ፀረ እንግዳ አካላት የአእዋፍን ምላስ ሽፋን መርምረዋል። አልፋው በሽፋኑ ሁሉ የሚገኝ መሠረት ነው፤ ቤታው ግን ጥንካሬ በሚፈለግባቸው ክፍሎች ላይ ይደረባል። ከዚያ በፊት በ1986 ሆምበርገርና ብረሽ በግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ላይ ባደረጉት ጥናት የደረቁ ክፍሎችን ቅርጽ፣ ሥራና ኬሚስትሪ አያይዘው አይተዋል። በቀቀን ፍሬውን ለመፈልፈል በምላሱ ጫፍ ከላይኛው ምንቃር ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ለዚህም ጠንካራ ጫፍ ያግዘዋል። ድመትን ያነሣን እንደሆነ ምላሷ ላይ ያሉት እሾሆችም ይጠነክራሉ፤ ነገር ግን አጥቢ እንስሳ ናትና ቀንዳማ ቤታ ፕሮቲን የላትም፤ በአልፋው ብቻ ተብቃቅታለች።

በለስላሳውና በደረቁ ሽፋን መካከል ያለው ድንበር የሚጠበቀው ግን በዘር ውርስ ብቻ አይደለም። የሽፋን ህዋሶች ንፍጥ አመንጪ ይሁኑ ወይስ ይድረቁ የሚለውን ከሚወስኑት አንዱ ቫይታሚን ኤ ነው። ዶሮ እሱን ስታጣ በአፍና በጉሮሮ ያሉ የንፍጥ ዕጢዎች ህዋሶች በደረቅ ከራቲናማ ህዋሶች ይተካሉ። ቱቦዎቹ ይደፈናሉ፤ ዕጢዎቹም አብጠው ነጫጭ ፍንጣቂ የመሰሉ ጉብታዎች ይሆናሉ። ነጭ በቆሎ የቫይታሚኑ መነሻ የሆነው ካሮቲን ስለሌለው ታጉረው እሱን ብቻ የሚበሉ ዶሮዎች ለዚህ ይጋለጣሉ፤ ጓሮ ለጓሮ ቅጠል የምትለቅም ዶሮ ግን ብዙም አያሰጋትም። እንግዲህ የዶሮን አፍ ከፍቶ በሽታ የሚፈልግ ሰው የምላሷን ጫፍ ትቶ ላንቃዋንና ጉሮሮዋን ይይ።