ስለ ቅዱስ ላሊበላ በዊኪፔዲያ የተጻፈውን እንዴት እንመዝን?

ለሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ወይም ለጉባኤ ትምህርት ስለ ቅዱስ ላሊበላ የሚያነብ ምእመን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚከፍተው ዊኪፔዲያን ነው። ይህ ኢንሳይክሎፒዲያ ማንም ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል በመሆኑ፣ የተጣራ ታሪክና መሠረት የሌለው ወሬ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ገጹን በጅምላ መቀበልም በጅምላ መጣልም አይገባም፤ ሊመዘን የሚገባው እያንዳንዱ ቃል ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እንመርምር። የቅዱስ ላሊበላ ስመ መንግሥት ገብረ መስቀል ነው። ከቅዱስ ያሬድ ጋር የሚነሣው የዐፄ ካሌብ ልጅም ገብረ መስቀል ይባላል፤ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ስመ መንግሥትም ይኸው ነው። የአንዱ ንጉሥ ሥራ ለሌላው የሚሰጠው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው።

ሁለተኛው ዘመኑ ነው። በብዙ ጽሑፎች የንግሥና ዘመኑ ከ1181 እስከ 1221 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይገኛል። 1181 በእኛ አቈጣጠር 1173 ወይም 1174 ዓ.ም. ስለሚሆን፣ የተለያየ የሚመስለው ቍጥር አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ (የሸዋው ሳይሆን ዛሬ በኤርትራ የሚገኘው ገዳም) የወርቅ ወንጌል ላይ የተመዘገበው የንጉሡ የርስት ስጦታ በ1225 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። ስለዚህ 1221ን የማያከራክር አድርጎ የሚያቀርብ ገጽ ጥንቃቄ ጐድሎታል።

ሦስተኛው የምስክሩ ዓይነት ነው። የርስት ስጦታው በንጉሡ ዘመን የተጻፈ ሰነድ ነው። ገድለ ላሊበላ ግን ከዕረፍቱ ብዙ ቆይቶ የተጻፈ፣ ቅድስናውንና ተጋድሎውን የሚመሰክር መጽሐፍ ነው፤ ዓላማው የዘመን ቍጥር መመዝገብ አይደለም። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አብያተ ክርስቲያናቱን የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስላየው ሕንፃ የዓይን ምስክር ነው፤ ስለ አሠራሩ የጻፈው ግን ከ300 ዓመታት በኋላ የሰማውን ነው። ጥሩ ጽሑፍ እነዚህን ሳይቀላቅል ያቀርባል።

ምስክር የሌለው አባባልም አለ። አብያተ ክርስቲያናቱን ቴምፕላር የተባሉ የአውሮፓ ባላባቶች እንደሠሯቸው የሚናገሩ ጽሑፎች አሉ፤ ይህን የሚያስረዳ የዘመኑ ሰነድ ግን የለም። እንዲህ ያለው ቃል የአባቶችን ድካምና ጥበብ ለሌላ አሳልፎ ስለሚሰጥ ሳይመረመር ሊደገም አይገባም።

ስለዚህ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የተቀመጠውን የማጣቀሻ ቍጥር ተከትሎ ዋናውን መጽሐፍ ይመልከት፤ «ታሪክ» እና «ውይይት» የሚሉትን ክፍሎች ከፍቶ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳከራከረ ይይ። ማጣቀሻው ራሱ ከዊኪፔዲያ የተቀዳ ከሆነ ሁለት ምስክር መስሎ የታየው አንድ ብቻ ነው። የገድሉን ንባብ ደግሞ ከሊቃውንት ይጠይቅ።

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ የጻፈው ከዓይን ምስክሮች የተላለፈውን ከመሠረቱ በጥንቃቄ ተከታትሎ ነው። ስለ ቅዱሳን የምንናገር ሁሉ ከእርሱ ልንማር ይገባናል፤ በዐውደ ምሕረት አንድ ጊዜ የተነገረ ስሕተት በሕፃናት ልብ ለዘመናት ይኖራልና።