ስለ ኢሉባቦር የቦታ ስሞች፤ ከአንዲት ምናባዊ ደሴት ጋራ በማነጻጸር የቀረበ

ባለፈው ክረምት ከመኝታ ቤት ባልደረቦቼ አንዱ አንድ ካርታ አሳየኝ። ካርታው የማንኛውም እውነተኛ አገር አልነበረም፤ ባልደረባዬ በሚያዘጋጀው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ታሪኩ የሚፈጸምባት የአንዲት ደሴት ካርታ ነበር። ደሴቲቱ ተራሮች፥ ወንዞች፥ ሁለት ወደቦችና አርባ ያህል መንደሮች አሏት። ስማቸውን ሁሉ ያወጣላቸው እርሱ ራሱ በፈጠረው ቋንቋ ነው። የመቱ ልጅ መሆኔን ስለሚያውቅ፥ «እስቲ አንተ ፍረድ፤ የእውነተኛ አገር ስም ይመስላሉ?» አለኝ።

ስሞቹ ለጆሮ ያማሩ ናቸው። ሆኖም ደጋግሜ ባነበብኋቸው መጠን አንድ ነገር እየጎደለኝ ሄደ። ከአርባው ስም በሁለት ቦታ የተገኘ የለም፤ ጸሐፊ አጣምሞ የጻፈውም የለም፤ ጎረቤት በሌላ ስም የሚጠራው መንደርም የለም። ለጥያቄው ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝምና እርሱን ለመመለስ ስል የገዛ አገሬን ስሞች እንደ አዲስ ማየት ጀመርሁ። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው ከዚያ የተገኘውን ነው። የዓመታቱ አቆጣጠር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።

ስለ ምናባዊ ስሞች ሲነሣ የእንግሊዛዊው የኦክስፎርድ መምህር የቶልኪን (1892–1973) ሥራ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ቶልኪን አስቀድሞ ቋንቋዎቹን ፈጠረ፤ አገሮቹና ስሞቻቸው ከዚያ ተከተሉ። በአንደኛው ቋንቋው «ዶር» ማለት ምድር ስለሆነ ጎንዶር የድንጋይ ምድር፥ ሞርዶር የጨለማ ምድር ይሆናል፤ አንባቢም ማንም ሳያስተምረው የቃሉን ፍች ይለምደዋል። በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ኦሮምኛ የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቱሉ ኮረብታ፥ መልካ የወንዝ መሻገሪያ፥ ቡርቃ ምንጭ መሆኑን ጥቂት ቀን ከተጓዘ በኋላ መገመት አይሳነውም። ባልደረባዬም ይህን ጥበብ አልዘነጋውም፤ በካርታው ላይ ተራራው ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል ይጀምራል። ስለዚህ ጉድለቱ ከዚህ ላይ አይደለም።

ወደ ኢሉባቦር ልምጣ። በአገራችን ኢሉ፥ በቾ፥ ኖኖ የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ካርታውን ወደ ምሥራቅ ገልጦ ሸዋን የሚመለከት ሰው ግን እነዚህኑ ስሞች እንደገና ያገኛቸዋል፤ ኢሉና በቾ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፥ ኖኖ በምዕራብ ሸዋ። አንድ ስም ብቻውን በሁለት ቦታ ቢገኝ ምንም አያስረዳም ሊባል ይቻላል። ለምሳሌ ቡሬ የሚባል ከተማ በኢሉባቦር አለ፤ ሁለተኛ ቡሬ በጎጃም፥ ሦስተኛ ቡሬ ደግሞ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ በአፋር ይገኛል፤ ሦስቱን በአንድ የትውልድ ሐረግ ማያያዝ የሚደፍር ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋራ አልቆምም። ነገር ግን ሦስት ስሞች በአንድ ወገን ተቀራርበው ሳሉ በሌላውም ወገን ተቀራርበው ሲገኙ ነገሩ የአጋጣሚ መሆኑ ይቀራል። እነዚህ የጎሣ ስሞች ናቸው። አባ ባሕርይ በ1593 የጻፉለት የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት በሚቀጥሉት ትውልዶች ወደ ምዕራብ እየገፋ ጊቤንና ደዴሳን ሲሻገር፥ ሰው ከብቱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም እየነዳ ተጓዘ። የደረሰበትን ምድር በጎሣው ጠራው። ስለዚህ የስሞቹ መደጋገም የድህነት ምልክት አይደለም፤ ሰዎች የመጡበት መንገድ ነው። በባልደረባዬ ደሴት ላይ ግን ማንም ከየትም አልመጣም።

የጠቅላይ ግዛቱ ስም ራሱ ከዚህ የበለጠ ያስገርማል። እኔ በልጅነቴ «ኢሉባቦር» ብዬ በደብተሬ ላይ ስጽፍ በቃሉ ውስጥ ፈረስ ያለበት መሆኑን አላውቅም ነበር። ቃሉ ሲፈታ ኢሉ፥ አባ፥ ቦር ነው። ኢሉ ከላይ ያነሣነው የጎሣና የምድር ስም ነው። አባ ቦር ደግሞ የፈረስ ስም ነው፤ በአገሩ ሰዎች ዘንድ እንደሚነገረውም የኢሉ ገዥ የነበሩት የጫሊ ሾኖ መጠሪያ ነበረ። የፈረስ ስም ለታላላቅ ሰዎች መስጠት ኦሮሞውም አማራውም የሚጋራው ልማድ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ተብለዋል። ቦራ የምንለውም በአማርኛ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ከብት ወይም ፈረስ ሲሆን፥ በኦሮምኛም የከብት መልክ መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። እንግዲህ «ኢሉ አባ ቦር» ሲባል የአባ ቦር ኢሉ፥ ማለት የዚያ ሰው አገር፥ ማለት ነው። ሸዋ ውስጥ ሌላ ኢሉ ስላለ ይህኛው የማን እንደሆነ መለየት ሳያስፈልግ አልቀረም፤ ይህ የመጨረሻው ግን የእኔ ግምት ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙ ወደ ጸሐፊ እጅ ገባ። አገሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኋላ ራስ በተባሉት በደጃዝማች ተሰማ ናደው አማካይነት ወደ ምኒልክ መንግሥት ከተጠቃለለ ወዲህ፥ መቀመጫው ጎሬ ሆነ፤ በ1942 የአስተዳደር ድንጋጌ ጠቅላይ ግዛቶች ሲደራጁም ኢሉባቦር ከእነርሱ አንዱ ነበረ። በደብዳቤና በማኅተም ላይ ሦስቱ ቃላት አንድ ሆኑ። «አ» ተዋጠ፤ ፈረሱም ባለቤቱም ጠፉ፤ የቀረው ለጆሮ የሚጥም፥ ፍች የሌለው የሚመስል አንድ ቃል ነው። ባልደረባዬ ለደሴቲቱ ቢያወጣው ኖሮ ከሁሉ የተሻለው ስም ይሆን ነበር!

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1759 ራሴላስ የሚል ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር፤ ታሪኩ በአማራ ምድር በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ስለሚኖር ልዑል ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ከዚያ በፊት ግን የፖርቱጋላዊውን የኢየሱሳዊ ካህን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም የራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም ይገኛል። ማዕረጉና የስሙ እኩሌታ ተጣብቀው «ራሴላስ» ሆኑ። እንግሊዛውያን አንባቢዎች ለብዙ ዘመን የፈጠራ ስም አድርገው የወሰዱት በእኛ ጆሮ ግን ወዲያው የሚፈታ ነው። የጎሬ ጸሐፊና የለንደን ደራሲ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተዋል።

ወንዞቻችንም የራሳቸው ነገር አላቸው። በመቱ አካባቢ የዘነበ ዝናብ ወደ ሶር ይወርዳል፤ ሶር ከበቾ አጠገብ በዝነኛው ፏፏቴው ተወርውሮ ወደ ገባ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋራ ሲገናኝ ባሮ ይባላል። ባሮን አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ከፒቦር ጋራ ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ ሶባት ሆኖ ወደ ነጭ አባይ ይፈስሳል። አንዲት ጠብታ ከቤታችን ጣራ ተነሥታ ነጭ አባይ እስክትደርስ ድረስ ስንት ስም እንደምትለውጥ አንባቢ ይቁጠር። ካርታ ሠሪ ለአንድ ወንዝ አንድ ስም ይሰጣል፤ በዳሩ የሚኖር ሰው ግን የሚጠራው እርሱ የሚጠጣበትን ክፍል ነው። በ1902 ምኒልክና እንግሊዞች በተዋዋሉት ውል ላይ፥ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት እንዲሰጥ ሲወሰን፥ ቦታው የተጠቀሰው በኢታንግ ስም ነበር። ጣቢያው የቆመው ግን ጋምቤላ ላይ ነው፤ የኢሉባቦር ቡና በመርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ሲወርድ ዓለም ያወቀውም ስም ጋምቤላ ሆነ።

ጎረቤት የሚያወጣውም ስም አለ። በቀድሞው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ሞቻ የሚባል አውራጃ ነበረ። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1959 ያሳተመው መዝገበ ቃላትም በዚሁ ስም ይጠራል። ሕዝቡ ግን ራሱን ሸካቾ ይላል፤ ዛሬ ዞኑም ሸካ ተብሎ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ የስም ነገር የጆሮ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀርና ሰው «ማነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማን ይመልስለታል ወደሚለው ይደርሳል።

በአዋጅ የሚወጣው ስም ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዳማ ናዝሬት፥ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፥ አምቦ ሀገረ ሕይወት፥ ወሊሶ ጊዮን መባላቸው ይታወቃል። ስሞቹ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከቤተ መንግሥት የመጡ እንጂ ከቦታው የበቀሉ አይደሉም፤ በዚህ ረገድ ከባልደረባዬ ሥራ ጋራ ይዛመዳሉ። ሁሉም ግን እኩል አልያዙም። ናዝሬትና ደብረ ዘይት በሰው አፍ ገብተው ቆይተዋል፤ ዛሬም በዕድሜ የገፋ ሰው ሲጠራቸው ይሰማል። ሀገረ ሕይወት ግን የአምቦን ውሃ ጠርሙስ ሊያሸንፍ አልቻለም። ባለሥልጣን የጻፈውን ስም ሕዝቡ ይቀበለው እንደሆነ የሚታወቀው፥ እንደሚመስለኝ፥ በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በገበያና በአውቶቡስ መናኸሪያ ነው።

ዛሬ ጥያቄው እንደገና ተነሥቷል። ኦሮምኛ ከ1991 ወዲህ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የተዋጡት ድምፆች ተመልሰዋል፤ ዞኑም ኢሉ አባ ቦር ተብሎ በሦስት ቃል ይጻፋል፤ ፈረሱ ወደ ቦታው ገብቷል። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። ሆኖም አንድ ቃል የሆነውን «ኢሉባቦር» ስሕተት ነው ብለው ከመጽሐፍና ከመዝገብ ሊፍቁት ከሚሹት ጋራ አልስማማም። በዚያ ስም የተወለዱ፥ በዚያ ስም የተከሰሱ፥ በዚያ ስም ደብዳቤ የተጻጻፉ ሰዎች አሉ፤ በ1936 ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የቀረው መንግሥት ተሰብስቦ የነበረው በዚህችው አገር፥ በጎሬ ነው። የተጣመመውም ስም ሰነድ ነው። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ትልልቆቹ ስሞች ጠበቃ አላቸው፤ የትንንሾቹ፥ የመሻገሪያው፥ የምንጩ፥ የዋርካው ሥር ስሞች ግን የሚታወቁት በሽማግሌዎች ዘንድ ብቻ ነው። ከእኛ መካከል ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ ከአያቱ ጋራ አንድ ቀን በእግሩ ቢዞርና የሰማውን ቢጽፍ፥ ይህ መጽሔት በየዓመቱ የሚያትመው አያጣም።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ ነገርሁት። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ በሳምንቱ ግን ካርታውን ይዞ መጣ። ከአርባው ስሞች አሥራ ሁለቱን ሰርዟል፤ ሦስቱን በሰሜኑም በደቡቡም ዳርቻ ደግሟቸዋል፤ ትልቁ ወንዝ በሦስት ስም ይጠራል። ከወደቦቹ አንዱን መርከበኞች አጣመው የሚጠሩት ሆኗል፤ ትክክለኛውን አጠራር የሚያውቁት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው፤ ተጫዋቹም እርሳቸውን ፈልጎ መጠየቅ አለበት። የደሴቲቱ የመጀመሪያ ሰዎች ከየት እንደ መጡ ግን ገና አልወሰነም።