የተሰበረው ውልብልቢት

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለሮቢት ሰው ልክ ነው። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በራያ ቆላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ማሽላና ጤፍ ታውቃለች፤ ከብትና ግመል ታውቃለች፤ በክረምት ከምዕራቡ ደጋ ደለል ተሸክሞ የሚወርደውን የጎሊናን ጎርፍም ታውቃለች። ጀልባ ግን አታውቅም። ሐይቅ ማየት የሚሻ ሰው ቆቦንና አላማጣን አልፎ፣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ ኮረም አጠገብ እስከ ሐሸንጌ ድረስ መጓዝ ይኖርበታል።

ታዲያ ከዚህች ደረቅ ምድር ተነሥቶ ስለ ጀልባ ውልብልቢት መጻፍ ምን ይሉታል? ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሮቢት መካከል የሚያልፈው ይህ ጎዳና በማይጨው፣ በመቀሌና በአስመራ አድርጎ ወደ ምጽዋ ባሕር የሚወርድ የጥንት መንገድ ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ውልብልቢት በጀልባ ኋላ፣ ከውኃው በታች የሚዞር፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክንፍ ያለው ብረት ነው። መካኒኮች ፕሮፔለር ይሉታል። ክንፎቹ ጠመም ብለው ስለተሠሩ ሲዞሩ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ ጀልባዋም በዚያው ኃይል ወደ ፊት ትሄዳለች። ከጀልባ አካል ሁሉ ከዓይን የተሰወረው እርሱ ነው። ቀለሟ ይታያል፣ ስሟ ይነበባል፣ ሰንደቋ ይውለበለባል። የሚያስኬዳትን ግን የሚያስታውሰው የለም፤ ካልተሰበረ በቀር።

የሚገርመው፣ የውልብልቢት ታሪክ ራሱ ከስብራት ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1830ዎቹ ድረስ የእንፋሎት መርከብ የሚሄደው በግራና በቀኙ በተተከሉ ትልልቅ መንኮራኩሮች ነበር። በ1836 ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ገበሬና ጆን ኤሪክሰን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት የየራሳቸውን ፈጠራ በእንግሊዝ አገር አስመዘገቡ። የስሚዝ ውልብልቢት ከእንጨት የተሠራ ረጅም ጠመዝማዛ ነበር። በ1837 ለንደን ውስጥ በፓዲንግተን ቦይ ላይ ሲፈተን ተጋጨና ግማሹ ተገንጥሎ ቀረ። ጀልባዋ ትቆማለች ሲባል ጭራሽ ፍጥነቷ ጨመረ! ስሚዝ ስብራቱን አልጣለውም። አጭሩ ጠመዝማዛ ከረጅሙ እንደሚሻል ከዚያው ስብራት ተማረና ቀጣዩን በዚያው መልክ ሠራ። በ1845 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባለ ውልብልቢቷን ራትለርን ከባለ መንኮራኩሯ ከአሌክቶ ጋር ኋላና ኋላቸውን አስሮ አጓተታቸው። ራትለር አሌክቶን እየጎተተች ወሰደቻት።

ከዚህ ጉተታ ሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1858 ዓ.ም.፣ በጣና ዳር አንድ ንጉሥ በደንገል ጀልባ ላይ መንኮራኩር ይተክል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በዚያ ዘመን እስረኛቸው የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ የእንፋሎት መርከብን በወሬ ያውቁት ነበርና በራሳቸው ሰዎች እጅ የእርሱን አምሳያ ለማሠራት ተነሡ። ጣና ለሺህ ዘመን ታንኳ የሰጠውን ደንገል በትልቁ አስጠፈሩት፤ በግራና በቀኝም በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስተከሉበት። እንፋሎት አልነበረም፤ የእንፋሎቱን ቦታ የሰው ክንድ ያዘ።

በዚህ ሊስቅ የሚፈልግ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የማየው የስሚዝን ወንድም ነው። የለንደኑ ገበሬ የእንጨት ጠመዝማዛ ይዞ በቦይ ላይ ሲወጣ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ስሚዝ ሲሰበርበት ሁለተኛውን የሚሠራበት ጊዜ፣ ገንዘብ የሚያዋጣ ወዳጅ፣ የሚያግዘው አንጥረኛ ነበረው። የቴዎድሮስ መንኮራኩር ግን ሁለተኛ ዕድል አላገኘም። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዐረፉ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፋቸው እስከ ዛሬ በልጆች አፍ ይጠራል፤ ጀልባዎቻቸው ግን ወራሽ አጡ። ጣና በሞተር ጀልባ የተለመደ መመላለሻ የሆነው ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ጎርጎራ ወደብ ስትሆን ነው። ያም ቢሆን በባዕድ እጅና ለባዕድ ጥቅም ነበር።

ዛሬ በጣና ላይ ውልብልቢት ብርቅ አይደለም። የጣና ጀልባ ጠላቱ ግን ብዙ ነው። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ የጎደጎደው ስፍራው እንኳ ከዐሥራ አምስት ሜትር አይበልጥም። በዳርቻው ድንጋይ አለ፤ ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጣ። አረሙ በሚዞረው ክንፍ ላይ ይጠመጠማል፤ ሞተሩ ይታነቃል፤ ጀልባው በአረንጓዴ ምንጣፍ መካከል ይቆማል።

የተጎዳ ውልብልቢት እንዴት ይጠገናል? በመጀመሪያ ከዘንጉ ተፈትቶ ይወጣና ይታጠባል፤ ስንጥቅ እንዳለበት በጥንቃቄ ይታያል። የተጣመመው ክንፍ በልኩ ይሞቅና በመዶሻ እየተመታ ወደ ቀድሞ ጠመሙ ይመለሳል። የጎደለው በተመሳሳይ ብረት በብየዳ ይሞላል፤ ከዚያ ይሞረዳል። በመጨረሻም ሚዛን ይመጣል። ውልብልቢቱ በአግድም ዘንግ ላይ ተሰክቶ በነፃነት እንዲዞር ይለቀቃል። አንዱ ክንፍ ከሌሎቹ ከከበደ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ጠጋኙ ከከበደው ክንፍ ጥቂት ይሞርዳል፤ እንደገና ይለቀዋል፤ እንደገና ይሞርዳል። በየትኛውም ስፍራ ቢያቆሙት ዝም ብሎ ሲቆም ያን ጊዜ ሥራው አለቀ። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ውልብልቢት ለጊዜው ይሠራል፤ ንዝረቱ ግን ውሎ አድሮ ኩሽኔታውንና ዘንጉን ይበላል። ጉዳቱ የሚታየው ከጥፋቱ ቦታ ርቆ ነው።

ይህ ሁሉ ታዲያ አንድ ነገር ይቀድመዋል፤ የጀልባዋ ኋላ ከውኃ መውጣት አለበት። ትንሿን ጀልባ ሰው ተጋግዞ ወደ ዳር ይጎትታታል። መርከብ ስትሆንስ? የዚህን መልስ ለማግኘት በሮቢት የሚያልፈውን መንገድ ይዘን ምጽዋ እንውረድ።

መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ምጽዋ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ፣ የወደቡ አዛዥ የነበረው ኢጣሊያዊው አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ለጠላት አንዳች ደኅና ነገር ላለመተው ወስኖ ነበር። መርከቦቹን በወደቡ አፍና ውስጥ አሰጠማቸው። ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቹንም በቦምብ በስቶ ወደ ታች ላካቸው። ተንሳፋፊ መጠገኛ ማለት ሆዱ በውኃ ሲሞላ ዝቅ ብሎ መርከብን የሚቀበል፣ ውኃው ሲወጣለት መርከቡን ተሸክሞ ብቅ የሚል ግዙፍ የብረት አልጋ ነው። እንግዲህ ምጽዋ ላይ የሰመጠው ሌላውን ከውኃ የሚያወጣው ራሱ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኰንን ደረሰ። አይወጣም የተባለውን ትልቁን መጠገኛ በታመቀ አየር ውኃውን እያስለቀቀ አወጣው። በዚያ በሚያቃጥል ሙቀት ከእርሱ ጋር የሠሩት ኤርትራውያን፣ የጦር ምርኮኛ የሆኑ ኢጣሊያውያንና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ዳይዶ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ኋላዋ ተጎድቶ መጣች። በጊዜው የነበረው መጠገኛ እርሷን ሙሉ በሙሉ ለመሸከም አይበቃም ነበር። ሰዎቹ ግን አትችልም ብለው አልመለሷትም። አፍንጫዋን በውኃ ላይ እንደተንሳፈፈ ትተው ኋላዋን ብቻ አነሡት፤ የተጎዳውንም ጠገኑት። መርከቢቱም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኤልስበርግ በኋላ ታሪኩን በመጽሐፍ ጻፈ። መዶሻውን የያዙት የምጽዋ ልጆች ግን አልጻፉም።

ከዚህ በመነሣት አንድ ነገር ልበል። እኛ የጀመረውን ሰው እናወድሳለን። ያስመረቀውን እናጨበጭብለታለን፤ ሪባን የቆረጠበትን ቀን በድንጋይ ላይ እንቀርጻለን። ሲሰበር የጠገነውን ግን ማን ያውቀዋል? ጥገናን የተሸናፊ ሥራ እናስመስለዋለን። የቴዎድሮስን ጀልባ ያሳጣን የጀማሪ ድርቀት አልነበረም፤ ጀማሪማ ነበረን። ያጣነው በማግሥቱ መጥቶ «እስቲ የት ላይ ተሰበረ?» የሚል ሰው ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ እዚህ ላይ ነው። በቆቦና ጊራና ሸለቆ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው የመስኖ እርሻ ተስፋፍቷል። ወደነዚህ ጉድጓዶች በሚወርደው ፓምፕ ሆድ ውስጥም የሚዞር ክንፍ አለ። የጀልባው ውልብልቢት ዘመድ ነው። ያኛው በውኃ ላይ ጀልባን ይገፋል፤ ይኸኛው ጀልባ ለማያውቅ ገበሬ ውኃን ከምድር ሆድ ወደ ላይ ይገፋል። ያኛውን ድንጋይ ይሰብረዋል፤ ይኸኛውን አሸዋ ይበላዋል። ለመጠገንም እንደ ዳይዶ መጀመሪያ መነሣት አለበት፤ ቱቦው አንድ በአንድ እየተፈታ ከጨለማ ወደ ብርሃን።

ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ በተደጋጋሚ በቆቦና በአካባቢዋ ያለፈው ጦርነት ሰውን ገደለ፤ ሰው ያቆመውንም ሰበረ። መስኖውም ከጉዳቱ አልዳነም። የሞተ አይመለስም። የተሰበረ ግን ይጠገናል፤ የሚፈታው፣ የሚያሞቀው፣ ከከበደው ክንፍ ላይ በትዕግሥት የሚሞርደው ሰው ካገኘ።

ራያ ቆላ ላይ የማሽላው ቅጠል ሲለመልም የምናየው አገዳውን ነው። ከሥሩ፣ ከምድር በታች፣ ማንም የማያየው ክንፍ ይዞራል። ያን ክንፍ ያስነሣውን እጅ ስሙን እንጠይቀው።