በቅሎዋ ዓይን ነበራት

መንገድ ላይ ማንቀላፋት ለድሮው የጎጃም ሰው ነውር አልነበረም። ባላገሩ ከገበያ ሲመለስ፣ በተለይም ጠላው ትንሽ በርከት ካለ፣ በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑን ይከድናል። በቅሎዋ ግን አትከድንም። ገደሉን ታያለች፣ የረጠበውን ድንጋይ በሰኮናዋ ትሞክራለች፣ ነገሩ ካላማራት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጌታዋ ቢገርፋትም ወይ ፍንክች! ደጁ ደርሳ ስትቆም ነው እሱ የሚነቃው። አያቴ ይህን ሲያጫውቱን «በቅሎ ያለው ሰው አራት ዓይን አለው» ይሉ ነበር።

ስለ በቅሎ ልጽፍ አይደለም የተነሳሁት። የተነሳሁት መኪና ውስጥ ስለሚታይ ቪዲዮ ልጽፍ ነው። ግን ሁለቱን ነገሮች ነጣጥዬ ላያቸው አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ2005 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ለለቅሶ ወደ ደብረ ማርቆስ እሄድ ነበር። አውቶቡሱ አዲስ ቢጤ ነው፤ ወንበሩ ይመቻል፣ መጋረጃ አለው፣ ከሾፌሩ አናት በላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ከቴሌቪዥኑ ሥር በቀይ ቀለም «በጉዞ ላይ ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ ቴሌቪዥኑን የያዘው ብረት የጽሑፉን ግማሽ ሸፍኖታል። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ዘፈን ስናይ ቆየን። የዓባይን ቁልቁለት ስንጀምር ረዳቱ አስቂኝ ፊልም ከፈተልን። ሾፌሩ ፊት ለፊት ደግሞ ቴፑ ያለበት ቦታ ላይ መዳፍ የምታህል ሌላ ስክሪን አለች። እሷም ላይ ያው ፊልም ይሄዳል።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስለነበርኩ ሁሉም ይታየኛል። እኛ ስንስቅ የሾፌሩም ትከሻ ይነቃነቃል። ፊቱ ወደ መንገዱ ነው፤ ዓይኑ ግን በየደቂቃው ወደ ታች ይወርዳል። ከጎኔ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት ነበሩ። ብዙ ከታገሡ በኋላ፣

«ልጄ፣ እባክህ ዓይንህን መልስልን» አሉት።

«እማማ፣ አይዞዎት! ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜም እነዳዋለሁ» አላቸው። በአክብሮት ነው፣ እየሳቀ።

«ይኸው ጨፍነህ እየነዳኸው አይደል እንዴ?»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «እማማ፣ ኧረ ፊልሙን አያቋርጡብን!» አለ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ አልወደውም።

ጥቂት ኩርባዎች እንደወረድን መንገዱ ላይ ቅጠል ተነጥፏል። ቅጠል ማለት ከፊት የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የአገራችን ሾፌር የለም። የእኛ ሾፌር ግን ቅጠሉን ያየው ጎማው ከረገጠው በኋላ ነው። ፍሬኑ ጮኸ፣ ዘንቢሉም ሻንጣውም ወደ ፊት ተወረወረ፣ ሰው ከወንበሩ ጋር ተጋጨ። አውቶቡሱ ከቆመው የጭነት መኪና ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ማንም አልሞተም። ለአፍታ የሚተነፍስም ያለ አይመስልም ነበር። ፊልሙ ብቻ አልቆመም፤ በዚያ ጸጥታ መሀል የቴሌቪዥኑ ሳቅ ለብቻው ይሰማ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያብሰለስለኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከዚያች አራት ዓይን ከምትሰጥ በቅሎ ተነስተን፣ ያሉንን ሁለት ዓይኖች እንኳ ለፊልም እስከምንሰጥበት ቀን እንዴት ደረስን?

ዓባይ ለጎጃም ሰው አጥርም በርም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ፣ ዛሬ የጁቤ ካለችበት አካባቢ፣ በአገሩ ከታወቁት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከዓባይ ማዶ ቡናውን፣ ወርቁንና የዝባዱን ቀንድ ጭኖ እየወረደና እየወጣ ይገበያይ ነበር። ደብረ ማርቆስም ያኔ መንቆረር ትባል የነበረች፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የቅዱስ ማርቆስን ስም የያዘች ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ዓባይን የሚሻገር ሰው ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል፣ ብቻውን አይሄድም፣ ሽፍታውንም አዞውንም ያስባል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ይህን በረሃ እንዲሁ የሚያስፈራ አድርጎ ነው የሚያሳየን። በረሃው ራሱ መንገደኛውን ልብ እንዲል ያስተምረው ነበር።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ያመጣውን መኪና ዳግማዊ ምኒልክ ተሳፈሩበት፣ መንዳትም ሞከሩ። ሕዝቡ «ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ» እያለ ቢደነቅ አይፈረድበትም። የፈረንጅ አገር ሰውም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ፈርቷል። በእንግሊዝ አገር በ1865 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በመንገድ ላይ ከሚሄድ የሞተር ተሽከርካሪ ፊት ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲቀድም ያዝ ነበር። ዛሬ ያስቀናል ወይስ ያስቃል? እኔ አልስቅበትም። እነዚያ ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ፈረሱ ሲፈታ ዓይኑም አብሮ መሄዱን። ስለዚህ ዕውሩን ብረት የሚመራ ሰው ከፊቱ አቆሙለት። በ1896 እ.ኤ.አ. ሕጉ ሲሻር ያ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ መሪውን በያዘው ሰው ላይ ወደቀ።

ወደ እኛ ልመለስ። የዓባይን በረሃ ለመኪና የከፈተው የጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ነው። ጣሊያን ሲሸሽ የሠራውን ድልድይ አፍርሶ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ማለቂያ ላይ ደብረ ማርቆስ ገብተው፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግረው ነው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የደረሱት። ከጣሊያን የቀረልን መንገዱ ብቻ አይደለም። «መኪና»፣ «ፍሬን»፣ «ጎማ»፣ «ማርሽ»፣ «ፍሪሲዮን» የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። «ሾፌር» ደግሞ ከፈረንሳይ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን አንዱን ቃል ከማንም አልተዋስነውም፤ «ልብ በል» የሚለውን። ማየት የዓይን ሥራ ሆኖ ሳለ፣ አማርኛ ጠንቅቆ ማየትን ለልብ ሰጠው። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የተባለውም ለዚህ ነው።

እኔ የደረስኩባቸው የድሮ ሾፌሮች ይህን ያውቁ ነበር። ዓባይ አፋፍ ላይ ይቆማሉ፤ ፍሬን ይፈተሻል፣ ጎማ ይደበደባል፣ ተሳፋሪው ያማትባል። ረዳቱ ታኮውን በእጁ ይዞ በር ላይ ይንጠለጠላል፤ ዳገት ላይ መኪናው ካቃተው ዘሎ ከጎማው ሥር ይሸጉጣል። ቁልቁለቱ ላይ ወሬ ይቆማል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ያኔ ማንም አይከራከረውም። ተሳፋሪው ራሱ ጠባቂው ነበር።

በደርግ ዘመን በአውቶቡስ ሬዲዮ ይከፈት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው የአገር ሰው ጆሮውን ሰጥቶ አዳምጧል። ሬዲዮም ቢሆን ያለ ክርክር አልገባም፤ በአሜሪካ በ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ የመኪና ሬዲዮ ገበያ ላይ ሲወጣ ሾፌሩን ያዘናጋል፣ ይታገድ ያሉ ነበሩ። ሬዲዮ ግን ቢያንስ ዓይን አይወስድም። ትረካ የሚሰማ ሾፌር በዛብህን በልቡ እያየ መንገዱን በዓይኑ ማየት ይችላል። ቴሌቪዥን እንዲህ አይደለም። በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሳሎን ዕቃ ነበር፤ ሰው ተቀምጦ፣ ሥራ ፈትቶ የሚያየው። ያን የሳሎን ዕቃ ነው እኛ ዓባይ በረሃ ላይ ከሾፌሩ አጠገብ የሰቀልነው።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ገባ። መጀመሪያ ለመነጋገሪያ ነበር፤ ዛሬ እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ያለ ሲኒማ ቤት ሆኗል። ሕጉም ዝም አላለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ስልክ በእጅ ይዞ እያወሩ መንዳትን ከልክሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ የመግጠም ዕድሉ በ4 እጥፍ ያህል ይጨምራል ይላል፤ በጆሮ ማዳመጫ ማውራትም ብዙም አያድንም። በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ ላይ እንደሚሞት አስፍሯል።

ቁጥር ካነሳን አይቀር አንድ ቀላል ሒሳብ እናስላ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ቀልድ አይቶ ለመሳቅ ሦስት ሰከንድ ቢወስድ፣ ሾፌሩ 50 ሜትር ያህል ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው። እኚያ እናት ሒሳቡን ሳይሠሩ መልሱን ነግረውት ነበር።

«ቴክኖሎጂው ራሱ መድኃኒቱን ያመጣል፤ መኪናው ራሱ የሚያይበት ዘመን መጥቷል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እስቲ አንድ ታሪክ ልንገራቸው። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ቴምፒ በምትባል ከተማ፣ ካሜራና ራዳር ተገጥሞለት ራሱን እንዲነዳ የሚሞከር መኪና፣ ማታ ላይ ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መኪናው ቢሳሳት እንድታርም የተቀመጠችው ሠራተኛ በስልኳ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከፍታ ዓይኗን ወደ ታች ጥላ እንደነበር ምርመራው አሳየ። እንግዲህ ለብረቱ ዓይን ተገጠመለት፤ የሰውየው ዓይን ደግሞ ሄደ። ዞሮ ዞሮ ያው ነው። እስካሁን በቅሎዋን የሚያህል መኪና አልተሠራም።

ነገሩ ወደ እኛም እየቀረበ ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ መሐላቸው ላይ የትሪ ያህል ስክሪን አላቸው። ካርታውም፣ ሙዚቃውም፣ ማቀዝቀዣውም እዚያው ነው። ስክሪኑ በራሱ ኃጢአት የለውም፤ ወደ ኋላ ስንሄድ ከኋላ ያለውን ሕፃን ያሳየናል። በእንግሊዝ አገር ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ደንብ፣ ለመንዳት የሚረዳ መረጃ ካልሆነ በስተቀር የቴሌቪዥን ምስል ለሾፌሩ እንዳይታይ ይከለክላል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ መንገዱን የሚያሳይ ስክሪንና መንገዱን የሚያስረሳ ስክሪን።

የዓባይ መንገድም ተለውጧል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ተከፍቷል። ገደሉ ግን ያው ገደል ነው፤ መሬቱ እየተንሸራተተ መንገዱን እዚህም እዚያም ያሸበሽበዋል። ትናንት ያልነበረ ስንጥቅ ዛሬ ይገኛል። «ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ» የሚባልበት መንገድ አይደለም።

ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ይቀላል። ያን ቀን ግን ፊልሙን ማን ጠየቀ? እኛ። እማማን ማን ዝም አሰኛቸው? እኛ፣ በሳቃችን። የድሮው ተሳፋሪ ያማትብ የነበረው፣ ወሬውን ያቆም የነበረው፣ ሕይወቱ በአንድ ሰው ዓይን ላይ እንደተንጠለጠለች ስለሚያውቅ ነው። እኛ ቲኬት ስለቆረጥን ብቻ ያን ዕውቀት የጣልነው ይመስለኛል። ሾፌሩም የሰው ልጅ ነው፤ ሃምሳ ሰው አጠገቡ ሲስቅ ምን አሳቃቸው ብሎ ማየቱ አይቀርም።

አውቶቡሳችን ከቆመው መኪና ጀርባ ላብ በላብ ሆኖ ሲቆም፣ ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ ስክሪኗን አጠፋት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረዳቱም ያለ ማንም ትእዛዝ የላይኛውን ቴሌቪዥን ዘጋው። ፊልሙ ይቀጥል ያለ ሰው አልነበረም፤ ያ ጎረምሳም ጭምር። ደጀን እስክንወጣ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ደጀን ላይ ሲያቆም ሾፌሩ ዞር ብሎ፣

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው።

«እግዜር ይማርህ፣ ልጄ። አሁን እንኳ ዓይንህ ተመልሷል» አሉት፤ ዘንቢላቸውንም ብድግ አደረጉ።

እኔ ግን ይቅርታ የጠየቅኋቸው አሁን፣ በዚህ ጽሑፍ ነው። እርስዎም፣ አንባቢዬ፣ ነገ መንገድ ሲወጡ ሾፌሩ ዓይኑን ወደ ታች ቢጥል ዝም አይበሉ። ዝም ብለን የምንሳፈር ከሆነ በቅሎዋ ትሻለን ነበር።