የዕፀዋት ኅብረ ሕዋስ ማቅለሚያዎች ታሪክና ትምህርቱ

ከግንድ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሥር የተዘረጋ ኅብረ ሕዋስ ቀለም ካልገባበት በቀር ክፍሎቹን ለይቶ ማየት አዳጋች መሆኑ ከባልደረቦቻችን የተሰወረ አይደለም። ማቅለሚያው ከውጭ በውድ ዋጋ በሚገዛበት ላቦራቶሪ ግን ተማሪው ከመጽሐፍ ሥዕል በቀር የሚያየው ያጣል። ስለዚህም ርካሽና ለአካባቢ የማይጎዳ የተፈጥሮ ቀለም የመሻት ሐሳብ ደጋግሞ ይነሣል። ሐሳቡ አዲስ ቢመስልም የሙያው መነሻ ነው።

ኔዘርላንዳዊው ሌዌንሁክ በ1714 እ.ኤ.አ. የላም ጡንቻን ለመመርመር ሳፍሮንን በብራንዲ በጥብጦ ተጠቅሟል። በ1849 ጎፐርትና ኮን ኒቴላ የተባለውን የውሃ አልጌ በካርሚን አቀለሙ፤ ካርሚን የሚገኘው በቁልቋል ላይ ከምትኖረው ኮቺኒል ከምትባል ነፍሳት ነው። በ1865 ደግሞ በመር ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚወጣውን ሄማቶክሲሊን አሉም ከተባለው ጨው ጋር አዋሐደው፤ ጨው ከሌለ ቀለሙ በኅብረ ሕዋሱ ላይ በሚገባ አይጸናም።

ፐርኪን በ1856 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የአኒሊን ቀለም ካገኘ ወዲህ ገበያው ቀስ በቀስ በጀርመን ፋብሪካዎች እጅ ገባ። እንጨት የሆነውን የሕዋስ ግድግዳ የሚያቀላው ሳፍራኒንም የዚሁ ወገን ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ንግዱን ባቋረጠ ጊዜ በአሜሪካ የተተኩት ቀለሞች ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ ውጤታቸው ተለያየ። ስለሆነም በ1922 በኮን ሊቀ መንበርነት ማቅለሚያዎችን የሚመረምርና የሚያረጋግጥ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይህ ኮን በ1849 ከተጠቀሰው የተለየ አሜሪካዊ ነው።

ሌላው ትምህርት ከአገራችን የተገኘ ነው። ኮቺኒል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ለቀለም ምርት ተብላ ወደ ትግራይ ከገባች በኋላ ከታሰበላት ስፍራ ወጥታ በበለስ ላይ ተዛመተች፤ ለገበሬው ምግብና የከብት መኖ የሆነውንም ተክል ጎዳች። ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ሁሉ ጉዳት የለበትም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

እንግዲህ በየአካባቢያችን ቀለም ስንፈልግ ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድመን እንጠይቅ፦ ዛሬ ያቀለመው ነገ፣ በሌላ መምህር እጅ፣ ያንኑ ውጤት ይሰጣልን? ምንጩስ ሲበዛ ማንን ይጎዳል? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ቀለም ርካሽነቱ እውነተኛ ይሆናል።