የአሰብ መንገድና የወሎ ኬሚስት

ሐይቅ ወይም ውጫሌ ላይ አድጎ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ለሥራ ፍለጋ ሲነሳ የሚሳፈረው ወደ ደቡብ ነው። ከሐይቅ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ ኮምቦልቻ። ቆዳው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ የተሁለደሬና የአምባሰል (የሐይቅና የውጫሌ ወረዳዎች) ኬሚስት የቅጥር ታሪክ በአብዛኛው የኮምቦልቻ ታሪክ ነው፤ የኮምቦልቻ ደግሞ የአንድ መንገድ ታሪክ። (ዓመታቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

አንዳንዱ ነገሩን ከገዳሙ መጀመር ይወዳል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን መጻሕፍት በብዛት የተጻፉበትና የተሰበሰቡበት ቦታ ነበር። ለብራናው ሌጦ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቋል፤ ለቀለሙ ጥላሸትና ያረረ እህል ተቀምሟል። በገበሬው መንደር ውስጥም ቆዳ የሚያለፋው ሰው የሌጦውን ጠጉር ለማርገፍ እምቧይ ይጠቀም ነበር። ይህ ሁሉ ኬሚስትሪ መሆኑ አያጠራጥርም። የዛሬው ኬሚስት ቅድመ አያት አድርጎ ማቅረቡ ግን አያሳምነኝም። የብራናው ሠራተኛ ደመወዝተኛ አልነበረም፤ ቆዳ አልፊው ደግሞ «ፋቂ» እየተባለ የሚናቅ፣ ሙያውን ለልጁ እንጂ ለገበያ የማያወርስ ሰው ነበር። የሙያ ዕውቀት ነበረ፤ የሥራ ገበያ አልነበረም።

ገበያው የመጣው ከፋብሪካና ከምስክር ወረቀት ጋር ነው። በዛሬው አማራ ክልል ሁለቱ አንድ ላይ የተገናኙት ባሕር ዳር ላይ ነው። በ1953 ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1955፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። ከሥልጠና ዘርፎቹ አንዱ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ነበር፤ ከግብርና ሜካኒክስ፣ ከብረታ ብረት፣ ከእንጨት፣ ከኤሌክትሪክና ከጨርቃ ጨርቅ ጎን። የተፈለገው ተመራማሪ ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ቴክኒሽያን ነበር። በ1959 ሥራ የጀመረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያም የሶቪየት ኅብረት ሥራ ነው። አሠልጣኙና የአሠሪው ገንቢ አንድ አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ መታጠፊያ ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያነጠፈው መንገድ ከዚህ ተነስቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ለፋብሪካ ቦታ የመረጣት ሰው ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም፤ ማቅለሚያው፣ አሲዱ፣ ክሮሙ፣ መለዋወጫው የሚመጣው ከወደብ፣ ሌጦው የሚመጣው ከወሎ ደጋ ነው። ደርግ በጥር 1967 ትላልቅ ኢንዱስትሪዎችን ከወረሰ በኋላ ፋብሪካው የመንግሥት፣ ምሩቁም የመንግሥት ሆነ። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲተከል ማቅለሚያና ማጠናቀቂያ ክፍሉ ኬሚስት የሚፈልግ ነበር። ይሁን እንጂ ለዚህ ዘመን «ገበያ» የሚለውን ቃል የምጠቀመው እያመነታሁ ነው። ከኮሌጅ የወጣ ሰው ሥራ አይፈልግም፣ ይመደባል፤ ወዴት እንደሚመደብ የሚያውቀው ዝርዝሩ ሲለጠፍ ነው።

ምደባው ከ1983 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ቀረ። መንገዱም ተከተለው። ኤርትራ በ1985 ነጻ አገር ስትሆን የአሰቡ ማጣሪያ በሌላ አገር ውስጥ ቀረ፤ በ1989 ሥራ አቆመ። በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የአሰብ በር ተዘጋ። በዚያው ዓመት አካባቢ ግን ኮምቦልቻ ላይ የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ ተተክሎ፣ ለወሎ ኬሚስት የግል አሠሪ መጣለት። የዚያን ጊዜውን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የሥራ ማስታወቂያ ገጾች የሚያገላብጥ ሰው «ደመወዝ በስምምነት» የምትለው ሐረግ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደነበረች ይገባዋል።

እነዚህ ፋብሪካዎች ኬሚስቱን ምን ያሠሩት ነበር? ቆዳ ፋብሪካውን ልውሰድ። ሌጦው በኖራ ጠጉሩ ከረገፈ በኋላ በሚሽከረከር ድራም ውስጥ በጨውና በአሲድ ይታሻል። ኬሚስቱ ከወፍራሙ በኩል ጥቂት ቆርጦ በቁራጩ ላይ ብሮሞክሬሶል ግሪን ጠብ ያደርጋል። ዳር እስከ ዳር ቢጫ ከሆነ አሲዱ እስከ መሐል ገብቷል፤ መሐሉ ላይ ሰማያዊ መስመር ከቀረ ድራሙ ይቀጥላል። ከዚያ ክሮም ይጨመራል። መያዙ የሚታወቀው ቁራጯ የፈላ ውኃ ውስጥ ገብታ ካልተኮማተረች ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ኬሚስት ሙሉ ድራም ሌጦ ያበላሻል። ሥራው ኃላፊነት አለው፣ ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው፤ በፈረቃ አንድ ሁለት ሰው ይበቃል። ክሮሙ የሚሠራው ውጭ አገር ነውና፣ እሱን በሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ የሚቀጠሩት ኬሚስቶችም እዚያው ውጭ አገር ናቸው። ለኛ የቀረልን መፈተሹ ነው። የገበያው ጥበት ዋና ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የምሩቁ ጥራት ከሱ በኋላ ይመጣል።

መንግሥት ይህን ገበያ ሁለት ጊዜ ሊያሰፋው ሞክሯል። በ2000 በጥሬ ቆዳና ሌጦ ወጪ ንግድ ላይ የተጣለው 150 በመቶ ቀረጥ፣ ኋላም በከፊል ባለቀለት ቆዳ ላይ የተደገመው፣ ፋብሪካዎቹ ቆዳውን ቀልመውና አለስልሰው እንዲጨርሱ አስገደደ። ማጠናቀቅ ከማልፋት ይልቅ ብዙ ኬሚስት፣ ብዙ ኬሚካልም ይፈልጋል፤ ኬሚካሉ ደግሞ ዶላር። ሁለተኛው ሙከራ በምሩቁ በኩል ነበር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ተማሪ መቀበል ጀመረ፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም ኮምቦልቻ ላይ ተቋቋመ። በ2001 ደግሞ ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተባለ። በ1983 ሁለት ዩኒቨርሲቲ የነበራት አገር ከ40 በላይ አቆመች። የቤተ ሙከራው ወንበር ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዋናነት የልብስ ስፌት ነው፤ ተቀልሞ የመጣ ጨርቅ ለሚሰፋ ሼድ የሚያስፈልገው መርፌና እጅ ነው።

በጥቅምት 2014 የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ በኅዳር መጨረሻ የፌዴራል መንግሥት መልሶ እስኪይዛቸው ድረስ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ተጎዱ። ውጫሌና ሐይቅም የጦርነቱ መንገድ ላይ ነበሩ። ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል አስወጣች። በዚህ ሁሉ መጥበብ መሐል ከኬሚስቱ የቅጥር ዝርዝር አንድ መስመር ብቻ ሊሰፋ ይገባው ነበር እላለሁ። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በገባሮቹ በኩል ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል፤ ከቆዳው ፍሳሽ ጋር የሚሄደውን ክሮም ተመራማሪዎች ለክተውታል። ውኃ መለካት የኬሚስት ሥራ ነው።

ዛሬ ክሮሙም ማቅለሚያውም የሚመጣው ከጅቡቲ በከባድ መኪና ነው፤ በሰርዶ፣ በሚሌና በባቲ፣ በዚያው በጥንቱ የአሰብ መንገድ። ከሰርዶ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። መኪኖቹ የሚወጡት በጋላፊው በኩል ነው፤ ወደ ቡሬና አሰብ የሚወስደው፣ በ2011 ለጥቂት ወራት ከመከፈቱ በቀር፣ ከ1990 ወዲህ ጭነት አላስተናገደም።